ስለ ዕንቍላል ታርት፤ በፖርቱጋልና በደቡብ ቻይና የሚገኝ የአንድ ጣፋጭ መብል ስምና ትውልድ

የሰው ልጅ የሚበላው ነገር እንደ ቋንቋውና እንደ ልብሱ ሁሉ የታሪኩ ምስክር ነው። አንድ መብል ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር አንዳንድ ጊዜ ስሙን ይዞ፣ አንዳንድ ጊዜም ስሙን ጥሎ ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ ስሙ ብቻ ተሻግሮ መብሉ በደረሰበት አገር ሰዎች እጅ እንደ ገና ይፈጠራል። ስለዚህ የሕዝቦችን ልማድ የሚመረምር ሰው በሁለት አገር ሁለት ተመሳሳይ መብሎች ባገኘ ጊዜ፣ አንደኛው ከሌላው ተወለደ ብሎ ከመፍረዱ አስቀድሞ ስማቸውን፣ አሠራራቸውንና የታዩበትን ዘመን ለየብቻ መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ ዐይነቱ ምርመራ መልካም ምሳሌ የሚሆነው በፖርቱጋል ከተሞችና በደቡብ ቻይና ጠረፍ፣ ይኸውም በካንቶን፣ በሆንግ ኮንግና በማካዎ የሚበላው የዕንቍላል ታርት ነው። በሁለቱም ወገን መብሉ ትንሽና ክብ ነው፤ ከስንዴ ሊጥ በተሠራ ጽዋ መሰል ቅርፊት ውስጥ በዕንቍላል የረጋ ቢጫ ጣፋጭ ይገኝበታል። ፖርቱጋሎች ከ1557 ጀምሮ እስከ 1999 ድረስ በማካዎ ስለ ኖሩ፣ ብዙ ሰዎች ቻይናውያን ይህን መብል የተማሩት ከፖርቱጋሎች ነው ይላሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጥሎ እንደምናሳየው የሆንግ ኮንጉ ታርት ከሊዝቦኑ ታርት የተወለደ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

1. የሁለቱ መብሎች መልክና አሠራር

በመጀመሪያ የፖርቱጋሉን እንመልከት። ስሙ በአገሩ ቋንቋ ፓስቴል ደ ናታ ይባላል፤ ናታ ማለት የወተት ስልባቦት ማለት ነው። ሊጡ በቅቤ እየተቀባና እየተጣጠፈ ብዙ ንብርብር እንዲኖረው ከተደረገ በኋላ እንደ ሰሌን ይጠቀለልና በትንንሹ ይቈረጣል። እያንዳንዱ ቍራጭ በተቈረጠበት ገጹ በብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይቀመጥና ሠራተኛው አውራ ጣቱን በውሃ እያራሰ ከመካከል ወደ ዳር እየገፋ ያሳሳዋል። ከዚህም የተነሣ ታርቱ ከበሰለ በኋላ ሥሩ ሲገለበጥ ንብርብሩ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ዙሪያውን ተጠምዝዞ ይታያል። ለውስጡ ስኳር በውሃ ከቀረፋና ከሎሚ ልጣጭ ጋር ይፈላል፤ ወተት በጥቂት ዱቄት ይወፍራል፤ ሁለቱ ከተዋሐዱ በኋላ የዕንቍላል አስኳል ይጨመርበታል። ምድጃው እጅግ የጋለ፣ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ወይም ከዚያም የሚበልጥ መሆን አለበት። መብሉ በጥቂት ደቂቃ ሲወጣ ፊቱ ላይ ጥቍርና ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። ይህ የተቃጠለ ነጠብጣብ ጕድለት ሳይሆን የመብሉ ምልክት ነው። ሲበላም የቀረፋ ዱቄትና የላመ ስኳር ይነሰነስበታል።

የሆንግ ኮንጉ ታርት በካንቶን ቋንቋ ዳን ታት ይባላል። ቅርፊቱ ሁለት ዐይነት ነው፤ አንደኛው ቅቤና ስኳር ያለበት እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ሊጥ ነው፤ ሁለተኛው በውሃ የተቦካ ሊጥና በዐሣማ ስብ የታሸ ሊጥ ተደራርበው የሚጣጠፉበት ንብርብር ሊጥ ነው። ይህ ሁለተኛው እንደ ፖርቱጋሉ አይጠቀለልም፤ ነገር ግን በመዳመጫ ተዘርግቶ በክብ መቍረጫ ይቈረጥና ጠፍጣፋ እንደ ሆነ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይለበጣል። ለውስጡ አስኳሉ ብቻ ሳይሆን ዕንቍላሉ ከነነጩ ይመታል፤ የስኳር ውሃና የቆርቆሮ ወተት ይጨመርበታል፤ አረፋውና ጓጕሉ እንዲቀር በወንፊት ይጠለላል። ዱቄት አይገባበትም፤ ቀረፋም የለበትም። እሳቱ መካከለኛ ነው። የሠለጠነ ጋጋሪ የሚያወጣው ታርት ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳና አንጸባራቂ፣ መጨማደድና ነጠብጣብ የሌለበት መሆን አለበት። እንግዲህ በሊዝቦን የጋጋሪው ክብር የሆነው ጥቍር ነጠብጣብ በሆንግ ኮንግ የጋጋሪው ነውር ነው።

ይህ ልዩነት የጣዕም ምርጫ ብቻ አይደለም፤ ከዕንቍላል ጠባይ የመጣ ነው። ዕንቍላል ከ60 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ መርጋት ይጀምራል፤ ከወተትና ከስኳር ጋር ሲደባለቅ ግን መርጊያው ከፍ ብሎ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሙቀቱ ከዚያ እጅግ ባለፈ ጊዜ የረጋው ይበጣጠስና ውሃው ይለያል። ስለዚህ ዱቄት የሌለበት የዕንቍላል ርጋታ ለስላሳ እሳት ይፈልጋል። ዱቄት ሲገባበት ግን በዱቄቱ ውስጥ ያለው አሚዶ በሙቀት አብጦ ዕንቍላሉ እርስ በርሱ እንዳይጠባበቅ መካከል ይገባል፤ በዚህም ምክንያት ብርቱውን እሳት ይችላል። የፖርቱጋሉ ጋጋሪ ፊቱ እስኪጠቍር ድረስ ማቃጠል የሚቻለው በዚህ ነው። የሆንግ ኮንጉ ጋጋሪ እንዲሁ ላድርግ ቢል ሥራው ይበላሽበታል። እንግዲህ ሁለቱ መብሎች በመልክ ወንድማማች ቢመስሉም በጥበብ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ እንረዳለን።

2. የፖርቱጋል ገዳማትና የዕንቍላል አስኳል

በፖርቱጋል ጣፋጭ ሥራ የገዳማት ሥራ ነበር። እስከ ዛሬም የአገሩ ሰዎች በብዙ አስኳልና በብዙ ስኳር የሚሠሩትን መብሎች ሁሉ የገዳም ጣፋጮች ብለው በአንድነት ይጠሯቸዋል። ስሞቻቸውም ይህንኑ ይመሰክራሉ፤ አንዱ የሰማይ ሞራ፣ ሌላው የመነኵሲት ሆድ፣ ሌላው የመልአክ ድርብ አገጭ ይባላል። በአገሩ እንደሚነገረው፣ መነኮሳቱና መነኮሳይያቱ የዕንቍላሉን ነጭ ክፍል ልብሳቸውንና ቆባቸውን እንደ አሚዶ ለማጠንከር ይጠቀሙበት ነበር፤ የወይን ጠጅም በእርሱ ይጠራ ነበር። ከዚህ የተረፈው አስኳል እንዳይጣል ለጣፋጭ ሥራ ዋለ ይባላል።

ነገር ግን አስኳል ብቻውን ጣፋጭ አይሆንም፤ ስኳር ያስፈልጋል። ስኳር በጥንት አውሮጳ ከመድኃኒት ጋር የሚቈጠር ውድ ዕቃ ነበር። ፖርቱጋሎች በ15ኛው መቶ ዓመት የማዴይራን ደሴት ሰፍረው የሸንኮራ አገዳ ተከሉባት፤ ቀጥሎም በሳኦ ቶሜ ደሴት፣ በ16ኛው መቶ ዓመትም በብራዚል ተከሉ። ይህም የሸንኮራ እርሻ በአመዛኙ ከአፍሪካ ተይዘው በተወሰዱ ባሮች ጕልበት የሚሠራ ነበር፤ በብራዚል ባርነት የቀረው በ1888 ነው። ስለ ገዳማት ጣፋጭ ሲነገር የመነኮሳቱ ጥበብ ዘወትር ይወሳል፤ የአገዳውን ጭማቂ ሌሊትና ቀን ሲያፈሉ የሞቱት አፍሪካውያን ግን እምብዛም አይወሱም። የመብልን ታሪክ በሙሉ ለማወቅ የሚሻ ሰው የገዳሙን ወጥ ቤት ብቻ ሳይሆን የሩቁን እርሻም መመልከት አለበት።

በዕንቍላልና በወተት የሚሠራ መብል በገዳም ብቻ ሳይሆን በቤተ መንግሥትም ይታወቅ ነበር። ልዕልት ማርያ የተባለችው የፖርቱጋል ንጉሥ የልጅ ልጅ በ1565 ወደ ጣሊያን ስትዳር አብሯት የሄደ የወጥ ቤት መጽሐፍ ዛሬ በናፖሊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። መጽሐፉ ስለ ዕንቍላል መብሎች ለብቻ፣ ስለ ወተት መብሎችም ለብቻ ክፍል አለው። እንግዲህ የዕንቍላሉ ታርት የአንድ ገዳም ድንገተኛ ግኝት ሳይሆን ከረጅም ልማድ የወጣ ፍሬ ነው።

3. የ1834 ዐዋጅና የቤሌም ቤት

በሊዝቦን ምዕራብ፣ በታጉስ ወንዝ ዳር፣ ቤሌም የሚባል ሰፈር አለ። ቤሌም በፖርቱጋል ቋንቋ ቤተ ልሔም ማለት ነው። ይህ ስም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ተብሎ የሚተረጐም መሆኑን፣ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት በዚሁ ስም የሚጠራ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ፣ ስለ መጋገር የሚነገር ታሪክ ከዚህ ሰፈር መነሣቱ ደስ ያሰኘዋል። ንጉሥ ማኑኤል ቀዳማዊ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚህ ስፍራ ታላቅ ገዳም አሠርቶ ለቅዱስ ጀሮም ማኅበር መነኮሳት ሰጠ፤ ገዳሙም በፖርቱጋል አነጋገር የዤሮኒሞስ ገዳም ይባላል። የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር የሚገኘው በዚህ ገዳም ነው። ልጁ ክሪስቶቫኦ ዳ ጋማ በ1541 አራት መቶ ያህል ፖርቱጋሎችን መርቶ አፄ ገላውዴዎስን ለመርዳት ወደ አገራችን መጥቶ በ1542 በኢማም አሕመድ እጅ ተይዞ የሞተው መሆኑ ይታወሳል።

በ1820 በፖርቱጋል የተነሣው የነጻነት አብዮትና ከእርሱ በኋላ የመጣው የወንድማማቾች ጦርነት ለገዳማቱ ክፉ ቀን አመጣባቸው። በግንቦት ወር 1834 ዦአኪም አንቶኒዮ ደ አግያር የተባለው ሚኒስትር ባወጣው ዐዋጅ የወንዶች ገዳማት በሙሉ ተዘጉ፤ ርስታቸውም ለመንግሥት ተወረሰ። ሕዝቡም ሚኒስትሩን የመነኮሳት ገዳይ የሚል ቅጽል ስም ሰጠው። የሴቶቹ ገዳማት ወዲያው አልተዘጉም፤ ነገር ግን አዲስ መነኵሲት እንዳይቀበሉ ስለ ተከለከሉ የመጨረሻይቱ መነኵሲት ስትሞት እያንዳንዱ ገዳም ይዘጋ ነበር። ርስት ያጡት መነኮሳይያት በዕድሜያቸው መጨረሻ ጣፋጭ እየሸጡ ኖሩ፤ ጥበባቸውንም ለአገልጋዮቻቸውና ለጎረቤት ሴቶች አስተላለፉ። በአቬይሮ ከተማ የሚሠራው ኦቮስ ሞሌስ የተባለው የአስኳል ጣፋጭ በዚህ መንገድ ከገዳም ወደ ምእመናን እጅ አልፎ በ2009 በአውሮጳ ኅብረት ሕግ የአገሩን ስም ጥበቃ አግኝቷል።

የቤሌምም ታሪክ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ከዤሮኒሞስ ገዳም አጠገብ የስኳር ማጣሪያና ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሱቅ ነበር። ከገዳሙ ከወጡት ሰዎች አንዱ ኑሮውን ለማሸነፍ የዕንቍላል ታርት በዚያ ሱቅ ይሸጥ ጀመር ይባላል። ቀጥሎም የአሠራሩ ምስጢር ለማጣሪያው ባለቤቶች አልፎ በ1837 የመጋገሪያው ቤት ሥራውን ጀመረ። በዚያ ዘመን ቤሌም ከሊዝቦን ራቅ ያለ ነበር፤ ነገር ግን ገዳሙንና የቤሌምን ግንብ ለማየት በእንፋሎት ጀልባ የሚመጡ ጎብኚዎች የታርቱን ዝና ይዘው ይመለሱ ነበር። ቤቱ እስከ ዛሬ በዚያው ስፍራ ይሠራል። ሊጡና ውስጡ የሚዘጋጁት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነው፤ አሠራሩንም የሚያውቁት ምስጢሩን ለመጠበቅ የገቡ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ናቸው። የቤሌም ታርት የሚለው ስም ለዚህ ቤት ብቻ የተጠበቀ ስለ ሆነ በሌላው የፖርቱጋል ዳቦ ቤት ሁሉ የሚሸጠው ፓስቴል ደ ናታ ይባላል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ምስጢሩ በጥብቅ ተጠብቋል፤ መብሉ ግን አልተጠበቀም። ሌሎች ጋጋሪዎች ቀምሰው፣ ገምተውና ሞክረው የራሳቸውን ስለ ሠሩ በመላ አገሩ ተስፋፋ። የአንድ ቤት ንብረት ሆኖ ቢቀር ኖሮ የአንድ ሰፈር ዝና እንጂ የአንድ ሕዝብ መብል ባልሆነም ነበር።

4. የካንቶንና የሆንግ ኮንግ ዳን ታት

ወደ ቻይና ስንመለስ በመጀመሪያ ስሙን እንመርምር። ዳን ማለት ዕንቍላል ነው፤ ታት የሚለው ግን የካንቶን ቃል አይደለም፤ ታርት የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በካንቶን አፍ የተነገረበት ነው። ለዚህም ቃል የተመረጠው የቻይና ፊደል በራሱ ትርጕም መግረፍ ማለት ሲሆን እዚህ የገባው ለድምፁ ብቻ ነው። እኛ ማካሮኒንና ቶርታን ከነስማቸው ከጣሊያኖች እንደ ተቀበልን፣ የካንቶን ሰዎችም ይህን መብል ሲቀበሉ የሰጪውን ስም አብረው ወሰዱ። ስሙም የሚያመለክተው ወደ ሊዝቦን ሳይሆን ወደ ለንደን ነው።

በእንግሊዝ አገር የዕንቍላል ታርት ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ በ1399 ለንጉሥ ሄንሪ ራብዓዊ የዘውድ በዓል ከቀረቡት መብሎች መካከል የዚህ ዐይነት ጣፋጭ ይገኝ ነበር። እንግሊዞች በዕንቍላልና በወተት የረጋውን ነገር ከስታርድ ይሉታል። ይህ ቃል ቅርፊት ማለት ከሆነው ከጥንቱ የፈረንሳይ ቃል የወጣ ነው፤ ቀድሞ ቅርፊቱን ይጠራ የነበረው ስም በዘመን ብዛት ወደ ውስጡ ተሻገረ። የእንግሊዙ ታርት ውስጡ ዱቄት የለበትም፤ በለዘበ እሳት ይረጋል፤ ፊቱ ላይ ከሚነሰነስበት ገውዝ በቀር ነጠብጣብ የለበትም። ይህም የሆንግ ኮንጉ ታርት የቅርብ ዘመዱ ማን እንደ ሆነ ያሳያል።

እንግሊዞች በካንቶን ወደብ ለረጅም ዘመን ሲነግዱ ቆይተው በ1842 በናንኪንግ ውል ሆንግ ኮንግን ያዙ። መብሉ በቻይናውያን እጅ የታየው ግን በ1920ዎቹ ዓመታት ነው። በዚያ ጊዜ በካንቶን ከተማ ታላላቅ መደብሮች ተከፍተው ነበር፤ በውስጣቸውም የነበሩት ምግብ ቤቶች ደንበኛ ለመሳብ በብርቱ ይፎካከሩ ነበር። እንደሚተረከውም ወጥ ሠሪዎቹ በየሳምንቱ አዲስ ዐይነት ዲም ሰም፣ ይኸውም ከሻይ ጋር የሚቀርብ ትንንሽ መብል፣ እንዲፈጥሩ ይጠየቁ ነበር፤ የዕንቍላሉም ታርት ከእነዚህ አንዱ ሆኖ ወጣ። ከአውሮጳ የመጣው ቅቤ ውድ ስለ ነበረ በአገሩ የተለመደውን የዐሣማ ስብ ተጠቀሙ። የውስጡ ለስላሳነት ደግሞ ለካንቶን ሰው አዲስ አልነበረም፤ ዕንቍላልን በውሃ መትቶ በእንፋሎት ማርጋት የቈየ የቤት ጥበብ ነውና። ስለዚህ እንግዳው መብል የገባው በተዘጋጀለት ስፍራ ነው፤ ቅርጹና ስሙ ከውጭ መጣ፣ የመልካምነቱ መለኪያ ግን የአገሩ ሆነ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሆንግ ኮንግ ቻ ቻን ቴንግ የተባሉ ሻይ ቤቶች በዙ። የአውሮጳውያን ምግብ ቤት ለተራው ሰው ውድ ስለ ነበረ እነዚህ ቤቶች የፈረንጅ ዐይነት መብል በርካሽ ያቀርቡ ነበር። ትኵስ ወተት ከብት በማይረባበት ጠባብ ከተማ ስለማይገኝ ሻዩም ታርቱም በቆርቆሮ ወተት ይሠራ ነበር። የግንባታና የወደብ ሠራተኞች ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ሥራቸውን አቁመው ወተት የገባበት ብርቱ ሻይና አንድ ትኵስ ዳን ታት መውሰድ ልማዳቸው ሆነ። በዚህ መንገድ በመደብር ምግብ ቤት ለባለጸጋ የተፈጠረው መብል የሠራተኛው ዕረፍት ሆነ።

5. የማካዎ ታርትና አንድ እንግሊዛዊ

አሁን ወደ ማካዎ እንምጣ። ዛሬ ማካዎን የሚጎበኝ ሰው ሁሉ የሚገዛው ፊቱ የጠቈረ ታርት የአራት መቶ ዓመት ቅርስ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ታርት በዚያ ከተማ ዝነኛ የሆነው ከ1989 ወዲህ ነው፤ ያደረገውም ፖርቱጋላዊ ወይም ቻይናዊ ሳይሆን አንድሩ ስቶው የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በመድኃኒት ቅመማ ሥራ በ1979 ወደ ማካዎ መጣ። በፖርቱጋል የቀመሰውን ፓስቴል ደ ናታ ለመሥራት ፈልጎ ምስጢሩን የሚሰጠው ሰው ስላልነበረ፣ በሚያውቀው በእንግሊዝ ከስታርድ አሠራር ተመርቶ ስኳሩንም ቀንሶ የራሱን ዐይነት አወጣ። በመስከረም ወር 1989 በኮሎአን መንደር ሎርድ ስቶው የተባለውን ዳቦ ቤት ከፈተ። እርሱ በ2006 ቢሞትም ቤቱ ሥራውን ቀጥሏል።

ቻይናውያን ለዚህ አዲስ ታርት የሰጡት ስም ለምርመራችን ታላቅ ማስረጃ ነው። የፖርቱጋል ታት ብለው ጠሩት። የቀድሞው ዳን ታት ከፖርቱጋሎች የመጣ ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ የመጣውን ለመለየት የፖርቱጋል ብሎ መጨመር ባላስፈለገም ነበር። ስሙ ራሱ በአገሩ አስቀድሞ ሌላ ታት እንደ ነበረ፣ እርሱም ፖርቱጋላዊ እንዳልነበረ ይናገራል።

ፖርቱጋሎች ግን የዕንቍላል ጣፋጫቸውን ወደ እስያ አላደረሱም ማለት አይደለም። አስኳልን በፈላ የስኳር ውሃ ውስጥ እንደ ክር እያንጠባጠቡ የሚሠሩት ፊዮስ ደ ኦቮስ የተባለው ጣፋጭ በታይላንድ ፎይ ቶንግ በሚል ስም ይኖራል፤ ትርጕሙም የወርቅ ክር ነው። የአገሩ ሰዎች ይህን ያስተማረች ብለው የሚያወሷት በ17ኛው መቶ ዓመት በአዩታያ ከተማ የኖረችውን ማርያ ጉዮማር ደ ፒኛን ነው። በጃፓንም ተመሳሳይ መብል ይገኛል፤ ጃፓኖች ዳቦን ፓን የሚሉትም ከፖርቱጋል ቋንቋ ወስደው ነው። እንግዲህ የፖርቱጋል መንገድ የት እንዳለፈ እነዚህ መብሎች ያሳያሉ፤ የካንቶን ዳን ታት ግን በዚያ መንገድ ላይ አይገኝም።

6. የመብሉ መስፋፋትና የባለቤትነት ጥያቄ

የማካዎው ታርት ፈጥኖ ተስፋፋ። አንድሩ ስቶው ከባለቤቱ ከማርጋሬት ዎንግ ጋር ከተለያዩ በኋላ እርስዋ በማካዎ ከተማ የራስዋን ቤት ይዛ ቀጠለች፤ በ1999ም ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የአሠራሩን መብት ከእርስዋ ገዝቶ በቻይና ምግብ ቤቶቹ ይሸጠው ጀመር። በዚህም ምክንያት ከማካዎ ርቀው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ቻይናውያን የፖርቱጋልን ታርት ያወቁት በአሜሪካ ዶሮ ቤት ውስጥ ነው።

በታይዋን ደግሞ በ1998 ሕዝቡ ታርቱን ለመግዛት ረጅም ሰልፍ ይሰለፍ ነበር። ይህን ያዩ ነጋዴዎች በየመንገዱ የታርት ቤት ከፈቱ። ነገር ግን ጥቂት ወራት ሳያልፉ የሕዝቡ ፍላጎት በረደና ቤቶቹ እርስ በርሳቸው ተከታትለው ተዘጉ፤ ገንዘባቸውን ያፈሰሱ ሰዎችም ከሰሩ። ከዚያ ወዲህ በታይዋን አንድ ንግድ በድንገት ነዶ በድንገት ሲጠፋ የዕንቍላል ታርት ውጤት ይሉታል። መብሉ ለምሳሌያዊ አነጋገር በቃ ማለት ነው።

በፖርቱጋልም ታርቱ የአገር ጉዳይ ሆኗል። በ2011 በተደረገው ሰባቱን የፖርቱጋል መብል ድንቆች የመምረጥ ውድድር የቤሌሙ ታርት ከተመረጡት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት አገሪቱ በዕዳ ተጨንቃ ከውጭ ርዳታ ስለ ተበደረች፣ በጥር ወር 2012 የኢኮኖሚው ሚኒስትር አልቫሮ ሳንቶስ ፔሬይራ ፓስቴል ደ ናታን እንደ ታላላቆቹ የውጭ ምግብ ድርጅቶች በዓለም ሁሉ ለምን አንሸጥም ብሎ ጠየቀ። ብዙዎች ቢስቁበትም ጥያቄው የቀልድ አልነበረም፤ ያለ ርስት የቀሩት መነኮሳት በ1834 የጠየቁት ጥያቄ ነውና፤ ሁሉን ያጣ ሰው በእጁ ከሚያውቀው ጥበብ በቀር ምን ይሸጣል?

በሆንግ ኮንግ ጭንቀቱ ሌላ መልክ ነበረው። በ1954 የተመሠረተው ታይ ቾንግ የተባለው ዳቦ ቤት የመጨረሻው የእንግሊዝ አገረ ገዥ ክሪስ ፓተን የሚወደው በመሆኑ የታወቀ ነበር። በ2005 የቤቱ ኪራይ ስለ ጨመረበት ሲዘጋ ሕዝቡ በሰልፍ ወጥቶ ተሰናበተው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በዚያው መንገድ እንደ ገና ተከፈተ። እንግሊዞች በ1997 ከተማይቱን ለቀው ከሄዱ በኋላ ሕዝቡ የራሴ ነው የሚለውን ነገር መቍጠር ጀምሮ ነበር፤ ከሚቈጥራቸውም አንዱ ይህ በእንግሊዝ ቃል የሚጠራው ታርት ሆነ። በ2014 የሆንግ ኮንግ መንግሥት 480 የማይዳሰሱ ቅርሶችን በመዝገብ ሲያሰፍር የዕንቍላል ታርት አሠራር በመዝገቡ ውስጥ ገባ። የተመዘገበው ታርቱ ሳይሆን አሠራሩ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ንብርብሩን ሊጥ በእጅ የሚያጣጥፍ ሰው ከሌለ፣ ለዚያም ሥራ የሚበቃ ስፍራ በኪራይ ውድነት ከጠፋ፣ ስሙ ቢቀር እንኳ መብሉ ይጠፋልና።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ የፖርቱጋሉ ፓስቴል ደ ናታና የሆንግ ኮንጉ ዳን ታት በመልክ ቢመሳሰሉም፣ አንደኛው ከፖርቱጋል የገዳማት ልማድ፣ ሁለተኛው ከእንግሊዝ ከስታርድና ከካንቶን ወጥ ቤት የተገኙ ናቸው። ሁለተኛ፣ በማካዎ ያለው ፖርቱጋላዊ ታርት የጥንት ቅርስ የሚመስል የቅርብ ዘመን ሥራ ነው፤ መልኩም ከሊዝቦን፣ ብልሃቱ ከእንግሊዝ፣ ገበያው ከቻይና ነው። ሦስተኛ፣ ረጅም አገዛዝ ባለበት ስፍራ የተገኘ ሁሉ ከገዥው የመጣ ነው ብሎ መፍረድ ስሕተት ያመጣል፤ ስሕተቱም ጥቃቅን አይደለም፣ ከፍ ያለ የእጅ ሥራ የሠሩትን ሰዎች ድርሻ ያስቀራልና።

የእነዚህን ታርቶች ጥበብ ከፍጻሜ ያደረሱት ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ስማቸው አልተጻፈም። በቤሌም ገዳም አስኳሉን ከነጩ የለየው መነኵሴ፣ በብራዚል አገዳውን የጨመቀው ባሪያ፣ በካንቶን መደብር በየሳምንቱ አዲስ ነገር አምጣ የተባለው ወጥ ሠሪ፣ ሁሉም ያለ ስም አልፈዋል። ባለቤት ነኝ የሚሉት መንግሥታትና ነጋዴዎች የመጡት በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ መብል የማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ስሙ በመዝገብ የገባለት ወገን ብቻ ነው ብሎ መመለስ አይበቃም፤ ዛሬም በእጁ የሚያውቀውና ለሚቀጥለው የሚያስተምረው ሰው ነው ቢባል ግን ከታሪኩ ጋር ይስማማል።